አጎራባች አጥቢያዎችን ስናቀራርብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአራት ኪሎ እስከ ኡራኤል፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማችን መሐል የፕሬስቢቴሪያን ሥር ያላቸው ምዕመናን ጥቂት አይደሉም። ከደምቢ ዶሎ፣ ከኢሉባቦር፣ ከከፋና ከጋምቤላ የመጡ የቤቴል ልጆች አሉ (ቤቴል ከአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥራ የወጣች ቤተ ክርስቲያን ናት)፤ ዛሬ በመካነ ኢየሱስ አጥቢያዎች ውስጥ ያገለግላሉ። በስደት መጥተው በኑዌር ቋንቋ የሚያመልኩ ደቡብ ሱዳናውያን አሉ። ከኮሪያ ሚሲዮናውያን ጋር ያደጉም አሉ። ገርጂ አካባቢ ያለውን ኮሪያ ሆስፒታል ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያቋቋመው ግን ሴኡል ያለ ምዩንግሱንግ የተባለ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይልም።

እነዚህ ሁሉ አንድ ሥርዓት ወርሰዋል። አጥቢያው በሽማግሌዎች ይመራል፤ አጥቢያዎቹ ደግሞ ተወካዮቻቸውን ልከው በአንድነት ይመክራሉ፣ አንዱ ስለ ሌላው ይጠየቃል። ሥርዓቱ ይህ ሆኖ ሳለ፣ በሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ ያሉ አጥቢያዎች ሽማግሌዎች በስም እንኳ የማይተዋወቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ በእውነት ያሳስበኛል። ጥረቱ አልጠፋም። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ አንድ ቀን ደስ የሚል ጉባኤ ይደረጋል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። እንደማየው ፍቅር ጎድሎ አይደለም፤ በየቦታው የሚደጋገሙ ስህተቶች ስላሉ ነው። አንድ በአንድ ላንሳቸው።

በትልቅ ኮንፈረንስ መጀመር

ኮሚቴው እንደተመረጠ ወሬው ሁሉ ስለ አዳራሽ ይሆናል። ባነር ይታተማል፣ ቲሸርት ይታዘዛል፣ እንግዳ ሰባኪ ይጋበዛል፣ ከየአጥቢያው አንድ አንድ ኳየር ይመጣል። በዕለቱ አዳራሹ ይሞላል፣ ዝማሬው ያምራል። ግን አቀማመጡን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሁሉም የመጣው ከራሱ አጥቢያ ሰዎች ጋር ነው፣ የሚቀመጠውም ከእነሱው ጋር ነው። ምሳ ሲደርስም በየቡድኑ ይበላል። ኳየሮቹ ተራቸው ሲያልፍ ዩኒፎርማቸውን አጣጥፈው ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ማታ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ሰኞ ዕለት ግን የአንዱ አጥቢያ ሽማግሌ የሌላውን ሽማግሌ ስልክ ቁጥር አልያዘም።

ጉባኤ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሰዎች ከተዋወቁ በኋላ ሲሆን ያስደስታል። መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ግን ሁሉም አድማጭ ሆኖ ይመለሳል፤ ማንም ከማንም ጋር መነጋገር አላስፈለገውም።

የዚህ ሥርዓት አባቶች የጀመሩት በሌላ መንገድ ነበር። በተሐድሶው መሪ በካልቪን ዘመን በጄኔቫ የከተማዋና በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች መጋቢዎች በየሳምንቱ ዓርብ ይገናኙ ነበር። አንዱ ተራ የደረሰው ክፍሉን ያብራራል፣ ሌሎቹ ይጨምሩበታል፣ ያርሙታል። በስኮትላንድም ከእ.ኤ.አ. 1560ው ተሐድሶ በኋላ በአንድ አካባቢ ያሉ አገልጋዮች ቃሉን ለማጥናት በየጊዜው ይሰበሰቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1581 ጀምሮ አጥቢያዎችን የሚያስተባብሩት ጉባኤዎች ሲደራጁ ብዙዎቹ የቆሙት በእነዚያ የጥናት ስብሰባዎች ላይ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር አለ፤ የአስተዳደሩ መዋቅር የመጣው ሰዎቹ በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ መቀመጥ ከለመዱ በኋላ ነው።

ስለዚህ የምመክረው ይህንን ነው። ከአራት ወይም ከአምስት አጥቢያ ሁለት ሁለት ሰው፣ በወር አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጡ። የፊልጵስዩስን መልእክት ያዙ፤ አራት ምዕራፍ ነው፣ በአራት ወር ያልቃል። በየወሩ የሚያቀርበው ሰው ከሌላ አጥቢያ ይሁን። ማብራሪያው ሃያ ደቂቃ አይለፍ፤ ቀሪው ጊዜ የውይይት ነው። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ተወካይ በአጥቢያው ያለውን አንድ ደስታና አንድ ጭንቀት ይናገር፣ ይጸለይበት። ምዕራፍ አራት ላይ ጳውሎስ ኤዎድያንንና ሲንጤኪን በስም እየጠራ በአንድ አሳብ እንዲስማሙ ይለምናቸዋል። እዚያ ሲደረስ ብዙ ጊዜ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ቆይቶ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ "እኛም ጋ እንዲህ ያለ ነገር አለ" ብሎ ይጀምራል። ያ ሰው አምስት ሺህ ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ ይህን ሊናገር አይችልም ነበር።

ሁልጊዜ ትልቁ አጥቢያ አስተናጋጅ ሲሆን

በመሐል ከተማ ያለው ትልቁ አጥቢያ አዳራሽ አለው፣ ጄኔሬተር አለው፣ የመኪና ማቆሚያ አለው። ስለዚህ "እዚሁ ይሁን፣ ለሁሉም ያመቻል" ይባላል። አባባሉ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን አንዱን የዘላለም ባለቤት፣ ሌሎቹን የዘላለም እንግዳ ያደርጋል። እንግዳ ደግሞ የተጠራ ቀን ይመጣል እንጂ ቤቱን አያጸዳም።

መሐል ከተማ ለሁሉም ያመቻል የሚለውም ዛሬ እንደ ድሮው እውነት አይደለም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. የፒያሳና የካዛንቺስ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲነሱ ምዕመናን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። ከዚያ በፊትም ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ ገብተዋል። አባልነታቸው አሁንም መሐል ከተማ ባለው አጥቢያ ነው፤ ተጠምቀው፣ ተድረው፣ ልጅ አሳድገው የኖሩበት ስለሆነ አይተዉትም። ግን ከሥራ በኋላ በ11 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲያልቅ፣ አንዲት እናት መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዛ፣ ሌላ ታክሲ ቀይራ ቤቷ የምትገባው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው። በሚቀጥለው ወር አትመጣም። ደግሞም "ቀዝቅዛለች" ትባላለች። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይሻላል። ወይም እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሰው አንዴ ከቤቱ በወጣበት ቀን። ቦታው ደግሞ ይዙር። ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ተራው ሲደርስ ያስተናግድ። የትልቁ አጥቢያ ሽማግሌዎች በዝናብ ቀን እዚያ ተቀምጠው፣ ቆርቆሮው እየጮኸ ሰባኪው ሳይሰማ ሲቀር፣ ያ አጥቢያ ለሁለት ዓመት የጸለየበትን ጣሪያ ያኔ ይረዱታል።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ መስተንግዶው ሻይና ዳቦ ብቻ ይሁን። እኛ ሰዎች እንግዳ ማክበር እንወዳለን። የመጀመሪያው አስተናጋጅ ዶሮ ወጥ ካቀረበ ሁለተኛው ጥብስ ይጨምራል፤ ሦስተኛው አቅም የሌለው ነውና አፍሮ "ግቢያችን እየታደሰ ስለሆነ ይለፈን" ይላል። ዙሩ የሚቋረጠው እዚያ ላይ ነው። ሁሉም ሻይና ዳቦ ካቀረበ ማንም አያፍርም።

"ሁሉም አማርኛ ይችላል" ብሎ ማለፍ

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያስፈልገው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

በአንድ ግቢ ውስጥ ጠዋት በአፋን ኦሮሞ፣ ቀጥሎ በአማርኛ አምልኮ ማድረግ በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራም ሊያልቅ ሲል የሁለተኛው ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ የሚወጣውና የሚገባው በአንድ ደጃፍ ይተላለፋል፤ ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ፣ "ይቅርታ" እየተባባሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር በአንድ መስቀል ፊት የሚያመልኩ ሰዎች ለዓመታት የሚተዋወቁት በዚህ መተላለፊያ ብቻ ነው። ስለ ሌሎች አጥቢያዎች ኅብረት ከማሰብ በፊት ይህችን ደጃፍ ማሰብ ይገባል። በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል ግማሽ ሰዓት ክፍተት አድርጉ፤ ቡናና ሻይ በረንዳው ላይ አቅርቡ። የሚወጣው አይቸኩል፣ የሚገባው ቀደም ብሎ ይምጣ። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው የሁለቱንም ፕሮግራም መሪዎች ሰዓት አክባሪነት ነው፣ እሱ ደግሞ ከቡናው ይከብዳል።

በአጥቢያዎች መካከል ሲሆን ችግሩ ይሰፋል። "ሁሉም አማርኛ ይችላል" ይባላል፤ በገበያና በቢሮ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በጸሎት ግን ሌላ ነው። ከቄለም የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። በጋራ ጸሎት ተራ ሲደርሳቸው በአማርኛ "ጌታ ሆይ ተመስገን፣ አሜን" ብለው ዝም ይሉ ነበር። ብዙ ሰው ጸሎት የማይወዱ አድርጎ ያስባቸው ነበር። አንድ ቀን አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት "አዴ፣ በራስዎ ቋንቋ ይጸልዩ" አላቸው። እሳቸውም የታመሙትን አንድ በአንድ በስም እየጠሩ፣ ሥራ ያጡትን ልጆች እየቆጠሩ፣ በመጨረሻም ያንን ግቢ የሰጡትን ሰዎች እየባረኩ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ማንም አልተረጎመውም፤ ማንም አልቸኮለም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ጭቅጭቅ የተነሳው በዚሁ ነገር ነው። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው ምግብ ተረሱ። ሐዋርያት "ሁላችንም አንድ ነን፣ እንዲህ ያለ ነገር አታንሱ" አላሉም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ እያላችሁ ስማቸውን ብታነቡ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ጓዳውን የተረከቡት ከተረሳው ወገን ይመስላሉ። ይህ ለእኛ ትልቅ መመሪያ ነው፤ አነስተኛው የቋንቋ ክፍል ተስተናጋጅ ብቻ አይሁን፣ ሥልጣን ይያዝ። የጋራ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ከኑዌር ተናጋሪው አጥቢያ ይሁን። ጸሐፊው ከአፋን ኦሮሞ አምልኮ ይምጣ።

ተግባራዊ ነገሮችም አሉ። ከመድረክ ላይ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር የሚደረግ ትርጉም ስብከቱን እጥፍ ያረዝመዋል፤ ስለዚህ ስብከቱ አጭር ይሁን፣ ወይም ትርጉም የሚፈልጉት በአንድ ጥግ ተቀምጠው በለሆሳስ ይተርጎምላቸው። ሁሉም ዜማውን የሚያውቀው መዝሙር ተመርጦ አንድ አንድ ስንኝ በየቋንቋው ይዘመር። የኑዌር ወንድሞችና እህቶች በከበሯቸው ሲዘምሩ "ዝግጅቱን አጠር አድርጉት" አይባሉ፤ ለሌላው ኳየር የተሰጠው ጊዜ ሁሉ ይሰጣቸው። ማስታወቂያው ደግሞ በሦስቱም ቋንቋ ይጻፍ። በሦስተኛው ቋንቋ የሚያነቡት አሥር ሰዎች ብቻ ቢሆኑም ይጻፍ።

ቄሶችን ብቻ መጥራት

የፕሬስቢቴሪያን ሥርዓት በጋራ ጉባኤ ላይ መጋቢውንና ሽማግሌውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ የሁለቱም ድምፅ እኩል ነው። በእኛ ዘንድ ግን "የአገልጋዮች ኅብረት" ተብሎ ቄሶችና ወንጌላውያን ብቻ ሲሰበሰቡ እናያለን። ቄስ ይዛወራል። ዛሬ አምስት ኪሎ ያለው የዛሬ ሦስት ዓመት ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል፤ ኅብረቱም አብሮት ይሄዳል። ሽማግሌው ግን እዚያው ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ልጆቹን እዚያው የሚያስተምር ሰው ነው። እሱ ካልገባበት የተተከለው ነገር ሥር አይሰድም።

ሴቶችም እንዲሁ። መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሴቶችን በቅስና ትሾማለች፤ በጋራ ኮሚቴዎች ላይ ግን ሴቶች የሚታሰቡት ሻይ ሲፈላ ነው። እኔ ያየኋቸው ጸንተው የቆዩ የአጥቢያዎች ግንኙነቶች አብዛኞቹ በሴቶች አገልግሎት የተጀመሩ ናቸው። የአንዱ አጥቢያ እናቶች የሌላውን አራስ ጠይቀው፣ ገንፎ አብረው አገንፍተው ነው የተዋወቁት። ሽማግሌዎቹ ደብዳቤ የተጻጻፉት ከዚያ በኋላ ነው።

የገንዘቡን ነገር ለአንድ ባለጸጋ አጥቢያ ወይም ለውጭ አጋር መተው

ገንዘብ ያለው አጥቢያ "እኛ እንችለዋለን" ሲል ሁሉም ይደሰታል። ከስድስት ወር በኋላ ግን አጀንዳውን የሚያወጣው፣ ሰባኪውን የሚመርጠው፣ ቀኑን የሚቆርጠው ያው አጥቢያ ይሆናል። ሌሎቹ በሆዳቸው ያጉረመርማሉ፤ በአፋቸው ግን ያመሰግናሉ። ይህ ኅብረቱን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል።

ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የዚያኛው ትርፍ የዚህኛውን ጉድለት እንዲሞላ ይጽፋል። መስጠቱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ነው። ድሃው አጥቢያ መቶ ብር ያውጣ፣ ግን ያውጣ። ሒሳቡን የሚፈርሙት ሦስት ሰዎች ከሦስት አጥቢያ ይሁኑ። ገቢና ወጪው በእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ብዙ ሐሜት ግን ያስቀራል።

የውጭ ድጋፍን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፤ ኅብረቱ ሁለት ዓመት በራሱ ሳይቆም ፕሮፖዛል አይጻፍ። ፕሮፖዛል ሲመጣ አበል ይመጣል፤ አበል ሲመጣ በአበል የሚመጣ ሰው ይመጣል፤ አበሉ ሲቆም ያ ሰው ይቀራል። የቤቴል ታሪክ ራሱ ይህንን ያስተምራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አሜሪካውያኑ ሚሲዮናውያን ከምዕራብ ወለጋ ሲወጡ የውጭ ገንዘቡም የውጭ ሰዉም አብሮ ቆመ። ሥራውን የተሸከሙት እንደ ቄስ ጊዳዳ ሶለንና ቄስ ማሞ ጮርቃ ያሉ የአገር ልጆች ነበሩ። ቄስ ጊዳዳ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸው የጠፋ፣ በሰው እጅ እየተመሩ ከመንደር መንደር የዞሩ ሰው ናቸው። (ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።) ቤተ ክርስቲያኗ በዚያ ዘመን አልጠፋችም፤ እንዲያውም በዝታ ተገኘች፣ እ.ኤ.አ. በ1947ም የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ተብላ ራሷን ችላ ቆመች።

ያለ መሸኛ የሚመጣን ሰው ዝም ብሎ መቀበል

ኅብረቱ ከተጀመረ በኋላ የሚያፈርሰው ይህ ነው፤ በግልጽ የሚናገረውም የለም። የአንዱ አጥቢያ ጎበዝ ኪቦርድ ተጫዋች ከኳየር መሪው ጋር ይጋጫል። በሚቀጥለው እሑድ ጎረቤት አጥቢያ መድረክ ላይ ይታያል። ተቀባዩ አጥቢያ ደስ ብሎታል፤ አልጠየቀም። ወይም በሽማግሌዎች ምክር ላይ ያለ፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር ያልታረቀ ሰው ግቢ ቀይሮ በሁለተኛው ወር ያስተምራል። የመጀመሪያው አጥቢያ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ በጋራ ስብሰባው ላይ ፊታቸው ይጨልማል፤ ምክንያቱን ግን አይናገሩም። "ሥራ በዝቶብን ነው" ብለው ይቀራሉ።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። መሸኛ ይጠየቅ። መሸኛ ከሌለ አባልነት አይከለከል፣ አገልግሎት ግን ይዘግይ። ተቀባዩ ሽማግሌ በዚያው ሳምንት ስልክ አንስቶ "ጋሼ፣ እከሌ ወደ እኛ መጥቷል፤ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ?" ይበል። መልሱ "ምንም የለም፣ ቤቱ ራቀበትና ነው" ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ለሁለቱም እረፍት ነው። መልሱ ከባድ ከሆነ ሁለቱ አጥቢያዎች ሰውዬውን አብረው ይርዱት። ጎረቤቱን አጥቢያ የእኔም ቤት ነው የሚል ሽማግሌ ይህችን ስልክ ለመደወል አይከብደውም።

የተጋጩት ራሳቸው አጥቢያዎቹ ሲሆኑስ? በግቢ፣ በወንበር ውሰት፣ በአንድ ያልተመለሰ የድምፅ ማጉያ የተኳረፉ አጥቢያዎች አሉ። ከሦስተኛ አጥቢያ ሁለት ሽማግሌዎች ገብተው ያስታርቁ። በሰፈርና በቤተሰብ የምንጠቀምበትን ሽምግልና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንደርስ መተዋችን ይገርመኛል።

ኅብረቱን የአንድ አገር ልጆች ማኅበር ማድረግ

ታሪካችንን መውደድ መልካም ነው። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሱዳን ተነስተው ሳዮ (የዛሬው ደምቢ ዶሎ) መግባታቸውን፣ በኋላም አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ማቆማቸውን ልጆቻችን ይወቁ። ያው የአሜሪካ ሚሲዮን ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1902፣ በሶባት ወንዝ ዳር ዶሌብ ሂል ላይ ጣቢያ ከፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ መሐል አዲስ አበባ ላይ በስደት የምናገኛቸው ደቡብ ሱዳናውያን ፕሬስቢቴሪያኖችና የደምቢ ዶሎ ልጆች የአንድ ሚሲዮን ፍሬዎች ናቸው። ይህን ሳይነጋገሩበት በአንድ ታክሲ ተሳፍረው ይሄዳሉ።

ነገር ግን ቤቴል እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዳለች። ሉተራኑና ፕሬስቢቴሪያኑ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸው፤ ይህ በዓለም ላይ በቀላሉ የማይገኝ በረከት ነው። በዚህ መካከል "የእኛ ወገን" ብቻ የሚጠራበት ስብሰባ ቢጀመር ሌላው "ሊለዩ ነው" ብሎ ይሰጋል፤ ሥጋቱም አይፈረድበትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰበካውና ሲኖዶሱ ይወቁ፣ ቃለ ጉባኤው ይድረሳቸው፣ የሉተራን ሥር ያለው ጎረቤት አጥቢያም ይጋበዝ። የሚደበቅ ነገር አይኑር።

በደብዳቤ ብቻ መገናኘት

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ይተኛል። በሐዋርያት ሥራ 15 የኢየሩሳሌሙ ጉባኤ ውሳኔውን ጽፎ ሲልክ ይሁዳንና ሲላስን አብሮ ልኳል፣ በቃልም እንዲናገሩ። እናንተም ደብዳቤውን ሰው ይዞት ይሂድ፤ ከአራት ኪሎ ካዛንቺስ ሩቅ አይደለም።

በለቅሶ ጊዜ መቅረት

ለጉባኤ ጊዜ ያገኘ ሽማግሌ ለጎረቤት አጥቢያ ለቅሶ ጊዜ ካጣ፣ ሰዎቹ ይህን አይረሱም። አንድ አጥቢያ ሽማግሌውን ሲቀብር የአጎራባቾቹ ተወካዮች በግንባር ይገኙ፤ እድሩ ድንኳን ውስጥ ገብተው "ጌታ ያጽናችሁ" ይበሉ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ቶሎ አይነሱ። የአንዱ ኳየር ከሐዘኑ የተነሳ መዘመር ሲያቅተው የሌላው ኳየር ያግዘው። በሠልስቱ ደግሞ ተመልሰው ይምጡ፤ በመጀመሪያው ቀን ሰው ብዙ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ይሳሳል።

ይህች ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሐዘን ምን እንደሆነ ታውቃለች። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት ኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት በምዕራብ ወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር፤ አዲስ አበባም አዳራሻቸው የታሸገባቸው ምዕመናን በየቤቱና ክፍት በቀሩት አጥቢያዎች ተጠልለው ኖሩ። ያኔ በር የከፈቱትን አጥቢያዎች ስም ዛሬም በምስጋና የሚጠሩ አረጋውያን አሉ። እነሱን ወጣቶቹ ፊት አስቀምጦ ማናገር ከብዙ ስብከት ይበልጣል፤ ዕድሜ ሳይቀድማችሁ አድርጉት።

ቀጣዩን ቀን ሳይቆርጡ መበተን

"በስልክ እንነጋገራለን" ተብሎ የተበተነ ስብሰባ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ከመጨረሻው ጸሎት በፊት አራት ነገር በወረቀት ይጻፍ፤ ቀኑ፣ አስተናጋጁ አጥቢያ፣ ክፍሉን የሚያቀርበው ሰው፣ በየቤታችን የምንጸልይለት ሰው ስም። ወረቀቱን ሁሉም በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ቀን ስትመርጡ ደግሞ የከተማዋን ነገር አስቡ፤ መስከረም 16 የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ዙሪያው ዝግ ነው፣ ጥር 10 እና 11 ከስድስት ኪሎ እስከ ጃንሜዳ መኪና አያልፍም፣ ታላቁ ሩጫ ባለበት እሑድ ጠዋት መሐል ከተማ መግባት ያስቸግራል። በእነዚያ ወራት በሳምንት ቀደም ወይም ዘግየት አድርጉት፤ ወሩን ግን አትዝለሉት።